የቪየናው ሰው እና የጎጃም ኮታ

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለተማሪዎችና ለንባብ ወዳጆች ካደረግኩት ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ? ስለ አንድ ኢኮኖሚስት ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልገመትኩም። እግዜር ይስጥልኝ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ከስቶክሆልም ሌላ ዜና መጣ። ፍሬድሪክ ሃየክ የሚባል የ75 ዓመት ሽማግሌ የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት አገኘ። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህኛው ዜና ጆሮ የሰጠ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ሁሉም የራሱ ጣጣ ነበረበት። ግን ሃየክ ከሠላሳ ዓመት በፊት «ተዉ፣ ይቅርባችሁ» ብሎ መጽሐፍ የጻፈበትን ነገር፣ መንግሥት ኢኮኖሚውን በዕቅድ ማዘዙን፣ እኛ ልንጀምረው ጥቂት ወራት ነበር የቀሩን። በ1975 መጀመሪያ ባንክና ኢንሹራንስ ተወረሱ። በዚያው ዓመት የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተባለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተራው የእህል ሆነ። ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ እህሉ ነው። ሃየክን የጠራሁትም ለዚሁ ነው።

ሰውየው በ1899 ቪየና ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፣ ልቡ ግን ዕፅዋት ጥናት ላይ ነው። ፈላስፋው ቪትገንሽታይን የሥጋ ዘመዱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ግንባር ዘመተ። ሲዘምት አገሩ ትልቅ ኢምፓየር ነበረች፤ ሲመለስ ኢምፓየሩ የለም። ቪየና ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሁለት ዶክትሬት ያዘ፣ አንዱን በሕግ፣ አንዱን በፖለቲካ ሳይንስ። ወጣት ሳለ ለሶሻሊዝም ለዘብ ያለ ፍቅር ነበረው። ያስለቀቀው ኢኮኖሚስቱ ሉድቪግ ፎን ሚዝስ ነው። ሚዝስ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤት አለቃው ነበር። ክርክሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሁሉም ነገር የመንግሥት ከሆነ እውነተኛ ዋጋ አይኖርም፤ ዋጋ ከሌለ ሒሳብ አይሠራም፤ ሒሳብ ካልተሠራ ደግሞ ጫማ ይሻላል ወይስ ማረሻ የሚለውን ማንም ሊመልስ አይችልም።

በዚያው ሰሞን የኦስትሪያ ገንዘብ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ሃየክ ራሱ እንደተናገረው በስምንት ወር ውስጥ ደመወዙ ሁለት መቶ እጥፍ አደገ። የገበታው ዳቦ ግን አልጨመረም። ኑሮ ውድነትን ከመጽሐፍ አልተማረውም ማለት ነው። እኛም እንደዚያው።

በ1931 ወደ ለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ሄደ። እዚያ ከእንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ከጆን ሜይናርድ ኬንስ ጋር ተፋጠጠ። ኬንስ ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ ያንቀሳቅሰው ባይ ነው። ሃየክ ደግሞ ችግሩ ቀድሞ በርካሽ ብድር የተዘራ ነው ይላል። በመጽሔት በደንብ ተዘላለፉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ወደ ካምብሪጅ ተዛወረ። ለሃየክ ማደሪያ ያፈላለገለት ማን ይመስላችኋል? ኬንስ። እኛ አገር ሁለት ምሁራን እንዲህ ቢጣሉ ልጆቻቸው ሰርግ እንኳ አይጠራሩም።

በ1944 «ወደ ባርነት የሚወስደው መንገድ» የሚለውን መጽሐፉን አወጣ። መታሰቢያነቱን የሰጠው «በየፓርቲው ላሉ ሶሻሊስቶች» ነው። ሰውየው ቀልድ ያውቃል። በ1945 አሜሪካ ውስጥ ሪደርስ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት አሳጥሮ ሲያትመው ሃየክ ባንዴ ታዋቂ ሆነ። ከዚያ ቺካጎ፣ ከዚያ ጀርመን አገር ፍራይቡርግ። በ1992 እዚያው ሞተ። ኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ማርጋሬት ታቸር «የነፃነት ሕገ መንግሥት» የሚለውን ሌላ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ጥላ «የምናምነው ይህንን ነው» ማለቷ ይወራል። የሕይወት ታሪኩን እዚህ ላይ ልተወው።

ለኔ ከመጽሐፎቹ ሁሉ የምትበልጠው በ1945 ያወጣት አንዲት አጭር ጽሑፍ ናት። በአንድ ከሰዓት ታልቃለች። ጥያቄዋ እንዲህ ነው፦ የአንድን አገር ሀብት በትክክል ለማዘዝ የሚያስፈልገው እውቀት የት ነው ያለው? መልሱ፦ አንድ ቦታ የለም። በየሰዉ እጅ ተበትኗል። አብዛኛው ደግሞ በሪፖርት አይጻፍም።

ይህን ቢቸና ላይ እንየው። አንድ ገበሬ የትኛው ማሳው ክረምት ላይ ውኃ እንደሚቋጥር ያውቃል። የትኛው በሬው እንደደከመ ያውቃል። ሚስቱ በቆሎው ከወዲሁ መሸጥ እንዳለበት ታውቃለች፣ ምክንያቱም ነቀዝ አይጠብቅም። ጤፉን ግን ነቀዝ አይደፍረውም። እሱ ክረምት ድረስ ይቆያል፣ ያኔ ይወደዳል። ልጅ ጥር ላይ የምትዳር ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ሁሉ ይለወጣል። ሰብሳቢው ነጋዴ የትኛው መንደር ጤፉን ከአፈር ለይቶ እንደሚወቃ ያውቃል። የአይሱዙው ሾፌር ዓባይ በረሃን በስንት ሰዓት መውረድ እንደሚሻል ያውቃል። አዲስ አበባ እህል በረንዳ ያለው ደላላ ከጆንያው አንድ ጭብጥ ዘግኖ፣ መዳፉ ላይ እፍ ብሎ፣ ይኼ ማኛ ነው፣ ይኼ ሰርገኛ ነው፣ ይኼኛውን ደግሞ ቀላቅለውታል ይላል። በዚያ ላይ የትኛው ነጋዴ ቃሉን እንደሚያከብር ያውቃል። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የምርት ገበያን ከማቋቋማቸው በፊት ያጠኑት እነዚህኑ የእህል ደላሎች ነበር። ደላላን መስደብ ልማዳችን ነው። እሳቸው ግን ስድቡን ትተው ሥራውን አዩት። ገዢና ሻጭ በማይተማመኑበት አገር የሚያገናኛቸው ሰው ዋጋ አለው።

እነዚህ ሰዎች አንድ ላይ ተሰብስበው አያውቁም። ቢሰበሰቡም የሚያውቁትን ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ማስረዳት አይችሉም። በመካከላቸው የሚመላለሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የኩንታሉ ዋጋ። ሃየክ ምሳሌ ያደረገው ቆርቆሮን ነው። የሆነ ቦታ የቆርቆሮ ማዕድን ቢዘጋ ወይም ለቆርቆሮ አዲስ ጥቅም ቢገኝ ዋጋው ይወጣል። ተጠቃሚው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይጠበቅበትም። ቆርቆሮ መቆጠብ ብቻ ነው ያለበት። የአዲስ አበባዋ እመቤትም ጤፍ ሲወደድባት ከሩዝ ወይ ከገብስ ትቀላቅላለች። በረዶ የመታው ማን እንደሆነ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ አታውቅም። ሳታውቀው ግን በረዶ ለመታው አገር ልኳን አድርጋለች።

አሁን ወደ ኮታ።

በ1976 የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ሐሳቡ ሲሰሙት ክፉ አይደለም። ከተማው በርካሽ ይብላ፣ ነጋዴው ገበሬውን አይበዝብዝ። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ጠና። የዓመቱ የእህል መጠን አዲስ አበባ ላይ ይወሰናል። ከዚያ ለክፍለ ሀገር፣ ለአውራጃ፣ ለወረዳ፣ ለገበሬ ማኅበር እየተከፋፈለ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ አባወራ ደጅ ይደርሳል። ዋጋውም የተቆረጠ ነው፤ ለአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ከገበያው በታች። ኬላ ተተከለ፤ ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው እህል ማሻገር ወንጀል ሆነ። ጎጃም እህል የሚተርፈው አገር ስለሆነ ጫናው በተለይ በረታበት።

በረዶ የመታው ሰው ምን ያደርጋል? ኮታው በረዶ አያውቅም። ገበሬው በግ ይሸጣል። በበጉ ገንዘብ ከገበያ ጤፍ በገበያ ዋጋ ይገዛል። ያንኑ ጤፍ ተሸክሞ ሄዶ ለኮርፖሬሽኑ በግማሽ በማይሞላ ዋጋ ያስረክባል። ደረሰኝ ይቀበላል። ኮታው ሠራ ይባላል።

ይህን ስናገር እዚህ ፊት ለፊት ያላችሁት ልጆች ሳቃችሁ። ኋላ የተቀመጡት አባቶች ግን አልሳቁም፤ አየኋቸው።

እዚህ ላይ ሃየክ ከሌሎቹ የሶሻሊዝም ተቺዎች ይለይብኛል። ብዙ ሰው የዚያን ዘመን ጥፋት በካድሬው ክፋት ብቻ ያብራራዋል። ክፉ ካድሬ ሞልቶ ነበር፣ አልክድም። ግን ሁሉም መልአክ ቢሆኑስ? ያው ነው የሚሆነው። አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ በእጁ ያለው ያምና ሪፖርትና የወረዳ ስም ዝርዝር ነው። ሪፖርቱን የጻፈው ደግሞ ሹመቱን የሚፈራ ሊቀመንበር ነው። እነማይ ወረዳ ላይ ምርት መቀነሱን ሊነግረው ይችል የነበረው ዋጋው ነበር። ዋጋውን ደግሞ ራሱ አስሮታል። ገበሬው በአፉ አይናገርም። በእጁ ነው የሚመልሰው። ኮታ የማይነካውን ሰብል ይዘራል፣ ወይም ለቤቱ የሚበቃውን ብቻ አርሶ ይቀመጣል፣ ወይም ሌሊት በአህያ ጭኖ ኬላውን ይዞራል። ቢሮው ይህንን አሻጥር ይለዋል። ኮታውን ይጨምራል። ገበሬውም ይቀንሳል።

ለነገሩ ቢሮ ሳያውቅ ሲያዝ ለጎጃም አዲስ አልነበረም። በ1967 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። በወረቀት ሲያዩት የሠለጠነ ግብር ነው። እዚህ ግን መሬት የሚለካ ሰው መጣ ማለት ርስት ሊነካ ነው ማለት ነበር። በ1968 ገበሬው አመፀ፣ ጦርም አውሮፕላንም ተላከበት። በመጨረሻ መንግሥት ነበር ወደ ኋላ ያለው።

የኮታው ነገር ያበቃው በ1982 ዓ.ም. ነው። መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ብለው አወጁ። ኮታው ቀረ፣ ኬላው ተነሳ፣ እህል ነጋዴው ወደ መንገዱ ተመለሰ። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ገና አራት ወሩ ነበር። ሃየክ ያኔ በሕይወት አለ፣ 90 ዓመት አልፎታል።

ካድሬም ኮታም ሳይኖር ሰው ምን እንደሚሠራ ማየት የፈለገ ወደ አዊ ይሂድ። ፋግታ ለኮማ ላይ መሬቱ አሲዳማ ነው፤ እህል እየሰጠ ሲሄድ ይደክማል። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት መትከል ጀመረ። አሠራሩን በቅርብ ላየው ሰው ያስደንቃል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ነው የሚተክለው። ጤፉ ይታጨዳል፣ ችግኙ ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት በዛፎቹ መሐል ያለው ሣር ለከብት ይታጨዳል። በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጥና እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ይከሰላል። ከሰሉ በጆንያ ሆኖ አዲስ አበባ ይገባል። ዛፉ ናይትሮጅን ስለሚሰጥ መሬቱም ያገግማል፤ ጤፍ እንደገና ይዘራበታል። ይህን ዙር የነደፈው አንድ የዕቅድ መምሪያ አይደለም። ጎረቤት ከጎረቤት እያየ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ቡና የሚያፈላበት ከሰል ተወደደ፤ አዊ ላይ ተራራው አረንጓዴ ሆነ። አንዱ ሌላውን አያውቀውም።

እዚህ ላይ አቁሜ ብወርድ ደስ የሚል ንግግር ይሆን ነበር። ግን ዲከረንሱን በሽታ መታው። ከ2020 ወዲህ ዝገት የሚባለው ፈንገስ ገብቶ ብዙ ደን አደረቀ። ዋጋው «ሁላችሁም አንድ ዛፍ አትትከሉ» ብሎ ማንንም አላስጠነቀቀም። ሊያስጠነቅቅም አይችልም። ዋጋ የሚያወራው የተፈለገውንና ያነሰውን ነው፤ ገና ያልመጣን ፈንገስ አያውቅም። እንዲህ ላለው ነገር የምርምር ጣቢያና ተመራማሪ ያስፈልጋል። ደመወዛቸውን ደግሞ ገበያው ብቻውን አይከፍልም።

ከዚህ የሚከፋ አለ። በ1973 ወሎ ላይ ሰው በረሃብ ሲያልቅ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። ይህን በደንብ ያሳየው አማርትያ ሴን የሚባለው ሕንዳዊ ኢኮኖሚስት ነው። እንዲያውም እህል ከወሎ ይወጣ ነበር። ለምን? የተራበው ሰው ከብቱ አልቋል፣ ማሳው ደርቋል፣ ኪሱ ባዶ ነው። ገበያ ላይ መጥቶ «ልግዛ» ካላለ ዋጋው ስለሱ ምንም አይሰማም። ሃየክ ያመሰገነው ያ ቁጥር ገንዘብ የያዘውን ሁሉ ይሰማል። ያልያዘውን አይሰማም። እኔ ሃየክን የማነበው ይህንን ከጎኑ አስቀምጬ ነው።

ለእውነቱ ከሆነ እሱም ጨርሶ አልካደውም። በ1944ቱ መጽሐፉ ማንም ሰው ጤናውን ጠብቆ ለመሥራት የሚያበቃው ምግብ፣ መጠለያና ልብስ ሊረጋገጥለት እንደሚችል ጽፏል። ስሙን እየጠሩ «ድሃን ተወው» የሚሉ ሰዎች ያቺን ገጽ ዘለዋታል።

ቺሊ ላይ ግን አልከላከልለትም። ጄኔራል ፒኖቼ በገዙበት ዘመን በ1977ና በ1981 ሄደ። ለአንድ የቺሊ ጋዜጣም ሊበራል ያልሆነ፣ ማለትም የግለሰብን ነፃነት የማያከብር፣ ዴሞክራሲ ከሚገዛ ሊበራል አምባገነን ቢገዛ እንደሚመርጥ ተናገረ። ይህን ደርግን ላየ ሕዝብ እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ሰው ሁሉ ትንሽ ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ ማንም ብቻውን አይዘዝ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የጻፈ ሰው፣ ለአንድ መለዮ ለባሽ ሲሆን ያንን ረሳው። የሚገርመው ደግሞ በ1974 የኖቤሉ ግብዣ ላይ እሱው ራሱ ያለው ነው። ቢያማክሩኝ ኖሮ ይህ ሽልማት እንዳይቋቋም እመክር ነበር አለ። ሽልማቱ ለአንድ ኢኮኖሚስት ማንም ሰው ሊኖረው የማይገባውን ሥልጣን ይሰጣል አለ። ቺሊ ሲሄድ ያንን ንግግሩን ይዞ ቢሄድ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ወደ ጥያቄ ገባን። ሁሉን አልጽፈውም፣ ሁለቱን ብቻ።

አንዲት ተማሪ ተነሳች። «መምህር፣ ታዲያ ማዳበሪያውም ለገበያ ይለቀቅ ነው የሚሉን?» አዳራሹ ተንጫጫ። ልክ ነው፤ በ2023 ክረምት ገበሬው ማዳበሪያ አጣን ብሎ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ጮኋል። ማዳበሪያ ከውጭ ነው የሚገባው። መንግሥት ይገዛዋል፣ በጅቡቲ ይገባል፣ በዩኒየንና በኅብረት ሥራ ማኅበር ይከፋፈላል። በቆሎ ሰኔን አያሳልፍም። ሐምሌ የደረሰ ማዳበሪያ ለበቆሎው ምኑም አይደለም። የመለስኩላት እንዲህ ነው። ሁለት ነገር አንቀላቅል። አንዱ ማን ይክፈል ነው፣ ሌላው ማን ያቅርብ። ድሃው ገበሬ በሙሉ ዋጋ ይግዛ የሚል ካለ እኔ የለሁበትም፣ ድጎማው ይቆይ። ነገር ግን ድጎማው ለገበሬው በእጁ በኩፖን ይሰጠውና የሚያቀርብለትን ይምረጥ። ማኅበሩም ያቅርብ፣ ነጋዴውም ያቅርብ። የዘገየው ደንበኛ ያጣል። ልጅቷ አልለቀቀችኝም። «ሦስት ነጋዴ ተመሳጥሮ ቢደብቀውስ?» አለች። ትክክል ናት። ሦስት ነጋዴ ብቻ ባለበት ያ ገበያ አይደለም፤ ኮርፖሬሽኑ በግል ስም ተመለሰ እንጂ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፈቃድ የሚያገኘው ስንት ሰው ነው የሚለው ነው።

ከኋላ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ተነሱ። «ልጄ፣ በኮታው ጊዜ ጤፌን የወሰደብኝን ሰው በስሙ አውቀዋለሁ። ዛሬ ዘይት ሲወደድብኝ ማንን ልጠይቅ?»

አባቴ፣ አልኳቸው፣ ሃየክ ማንንም አይጠይቁ ነው የሚልዎ። እኔ ግን መንገዱን ይጠይቁ እላለሁ። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ መኪናው የት የት ይቆማል? ማን ያስቆመዋል? በምን ይለቀቃል? መንገድ ሲከፈት የቢቸናና የእህል በረንዳ ዋጋ ይቀራረባል፤ ሲዘጋ ይራራቃል። ለተማሪዎቹም የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። በየገበያው ቀን የማርቆስን፣ የቢቸናንና የቡሬን የጤፍ ዋጋ ጻፉ። የአዲስ አበባውን በስልክ ጠይቁና ከጎኑ አስፍሩ። ዓመት ሙሉ። ልዩነቱ ከሪፖርት ይልቅ ስለዚህ አገር ይነግራችኋል።

አባትየው እየተቀመጡ «እሱንማ ሳትጽፈው ባለቤቴም ታውቀዋለች» አሉ።